ድምፄ የሌለበት ካሴት

ካሜራ ፊት ስቆም እጄን የማደርግበት አጣለሁ። ኪሴ ውስጥ ብከተው የደበቅሁት ነገር ያለ ይመስላል፤ ደረቴ ላይ ባጣምረው የተቆጣሁ እመስላለሁ። ለቀበሌ መታወቂያ የተነሣሁትን ፎቶ ያየችው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ «ምን አጥፍተህ ነው?» ብላኛለች። ላሊበላ ተወልዶ ለሚያድግ ሰው ይህ አስቸጋሪ ጠባይ ነው። እኛ ሳንጠየቅ ነው የተነሣነው፤ ውኃ ስንቀዳ፣ ስንደባደብ፣ ንፍጣችን ሲዝረበረብ። ፎቶዎቹ ዛሬ በየትኛው አገር፣ በማን ግድግዳ ላይ እንዳሉ አናውቅም።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ዓይናቸው የጠፋው እኔ ሳልወለድ ነው። እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» እያልኩ ነው ያደግሁት። ጧት ጧት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ቤተ ማርያም ድረስ የምመራቸው እኔ ነበርኩ። ችግሩ የገና በዓል ሲቃረብ ነው፤ ፈረንጆቹ ይበዛሉ። ነጭ ጋቢ የለበሱ ዓይነ ስውር ሽማግሌ፣ ከፊታቸው አንድ ትንሽ ልጅ፣ ከጀርባቸው ቀይ ድንጋይ፤ ካሜራ የያዘ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? ሌንስ ሲዞርብን አንገቴን ቀብሬ እርምጃዬን አፈጥናለሁ፤ የኔታ ከኋላዬ ይደናቀፋሉ። አንድ ቀን ወድቀው ጉልበታቸው ተላጠ። ከዚያ በኋላ የጎረቤታችን ልጅ፣ እኩያዬና ጓደኛዬ፣ «እኔ እመራቸዋለሁ» አለ። እፎይ አልኩ።

እሱ ካሜራ ሲያይ ፊቱ ይፈታል። ማንም ሳያስተምረው ብርሃን የት እንደሚያርፍ ያውቅ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ በር በስተግራ፣ የጧት ፀሐይ ድንጋዩን የምታሞቅበት አንዲት ቦታ አለች። እዚያ ሲደርሱ ቆም ይልና «የኔታ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ፤ ዳገቱ አድክሞዎታል» ይላቸዋል። የኔታ «ተባረክ» ብለው በዘንጋቸው ተደግፈው ይቆማሉ። ፈረንጆቹ ያነሣሉ። እሱ ምንም ሳይናገር እጁን ይዘረጋል። ብስኩት ይሰጡታል፣ እስክሪብቶ፣ አንዳንዴም ብር። ብስኩቱን ለእኔ ያካፍለኛል። የኔታ ማታ ለእናቴ «ይህ ልጅ ርኅሩኅ ነው፤ የገዛ ልጄ ያላሰበልኝን ዕረፍት ያስብልኛል» ሲሏት፣ እኔ ጥግ ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ብስኩቴን አላምጥ ነበር።

አደግን። እሱ ከእነዚያ ፈረንጆች ጋር ሲጻጻፍ እንግሊዝኛው ተቃንቶለት አስጎብኚ ሆነ። እኔ የኔታን ጉባኤ ሳልጨርስ ጥዬ ወጣሁና በአማርኛ ግጥም መጻፍ ጀመርኩ፤ በሲጋራ ካርቶን፣ በሆቴል ደረሰኝ ጀርባ፣ ያገኘሁት ላይ ሁሉ። የኔታ ግጥም አይሉትም፤ «ተረብ» ነው የሚሉት። አንድ ጊዜ ላነብላቸው ስጀምር የመጀመሪያውን ስንኝ ሰምተው «ይህ ምሥጢር የለውም» አሉና ጸሎታቸውን ቀጠሉ። ሁለተኛ አልሞከርኩም። ግን አንድ ነገር ብቻ እፈልግ ነበር፤ ሰው ሲያጨበጭብልኝ እንዲሰሙ። አንዲት ግጥሜን ከነጭብጨባዋ ቢሰሙ ጉባኤውን ጥዬ መውጣቴ የሚሽርልኝ ይመስለኝ ነበር።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ጓደኛዬ የወልድያ ነጋዴ ልጅ አገባ። እንደዚያ ያለ ሠርግ ሠፈራችን አይቶ አያውቅም፤ ከወልድያ የመጣ ቪዲዮ ቀራጭ ነበረበት፣ ካሜራውን በትከሻው፣ ዓይን የሚያጠፋ መብራቱን በእጁ ይዞ። ጓደኛዬ «ግጥም ታነባለህ» አለኝ። የኔታ ቁርጥማት ጥሏቸው ስለነበር አልመጡም፤ ከመሄዴ በፊት ግን «ካሴቱ ሲመጣ ጓደኛህ ቤት ሄጄ እሰማዋለሁ» አሉ። ይህን ከአፋቸው ስሰማ ጆሮዬን አላመንኩትም።

ስለ ልጅነታችን ነበር የጻፍኩት። ሁሉንም አስገባሁ፤ ለሁለት የተጫማናትን አንዷን ጫማ፣ የሰረቅነውን ሸንኮራ፣ ብስኩቱን። መብራቱ ፊቴ ላይ ሲበራ ወረቀቱን ወደ ፊቴ አስጠጋሁት። ሁለት ስንኝ ካልኩ በኋላ ግን ድንኳኑ ሲስቅ ሰማሁ፤ ደግ ሳቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ካሜራውን ረሳሁት። በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው የረሳሁት። ስጨርስ እልልታው ቀለጠ፣ ጭብጨባው ቶሎ አልቆመም፤ እኔም ስቀመጥ የኔታ ይህን ሲሰሙ እያልኩ ነበር።

ካሴቱ ከወልድያ ተሠርቶ እስኪመጣ አራት ወር ፈጀ። በመጣበት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የኔታን እየመራሁ ጓደኛዬ ቤት ሄድን። ክፍሉ በጎረቤት ሞልቷል፤ በዳንቴል ያጌጠው ቴሌቪዥን ከፍ ብሎ ተቀምጧል። የኔታን ከፊት ወንበር ሰጧቸው። ጠላ ተቀዳ። ቪዲዮው ተጀመረ፤ ሙሽራዋ ከጽጌረዳ ውስጥ ብቅ ትላለች፣ ሙሽራው በልብ ቅርጽ ውስጥ ይሽከረከራል። የኔታ የሚሰሙት ዘፈንና የሰው አስተያየት ነው፤ «አሁን ምን ሆነ?» ይሉኛል፣ እነግራቸዋለሁ።

ከዚያ እኔ መጣሁ።

አንገቴ እንደ ግመል ተሰግጓል። ቀኝ እጄ እንጨት እንደሚሰነጥቅ ሰው ይወጣል ይወርዳል። አፌ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ከአፌ የሚወጣው ግን ዘፈን ነው፤ በካሴቱ መጀመሪያ የነበረው ያው የሠርግ ዘፈን፣ የሴት ድምፅ። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መሰለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«ሰውዬው ዘፋኝ ሆኖልናል እኮ» አለች አንዲት ጎረቤት።

«ኧረ ድምፁ እንዴት ያምራል፤ እስከ ዛሬ ደብቆን ነው» አለ ሌላው።

የኔታ ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «አሁንስ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ የኔታ።»

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ግጥሙን እያነበብኩ ነው።»

ትንሽ አዳመጡ። «ታዲያ የምትዘፍነው ማን ናት?»

ሰዉ እንደገና ሳቀ። የኔታ በደግ የሳቁ መስሏቸው እሳቸውም ፈገግ አሉ። እኔ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሰው ማየት ማቆም አልቻልኩም። ድምፁ ሲወሰድበት የቀረው ያ ነው፤ አንገትና እጅ። ጭብጨባው እንኳ አይሰማም፤ እጆች በዝምታ ይጋጫሉ።

ጓደኛዬን ግቢ ውስጥ አገኘሁት። «ድምፄ የት ሄደ?» አልኩት።

«ቀራጩ ነው። እነሱ እንዲህ ናቸው፤ ሁሉም ላይ ዘፈን ይጭናሉ።»

«የሽማግሌዎቹ ምርቃት ላይ አልጫነም። የሙሽራዋ አባት ንግግር ላይ አልጫነም።»

መሬት መሬት አየ። «እኔ ነኝ ጫንበት ያልኩት» አለ በመጨረሻ።

«ለምን?»

«አማቶቼ ካሴቱን ለዘመድ ሁሉ ይሰጣሉ። በልጅነቱ ፈረንጅ ፊት እጁን ሲዘረጋ ነበር እንዲባል ትፈልጋለህ? ድንኳን ውስጥ ተስቆ አለፈ። ካሴት ግን አያልፍም።»

«ብትነግረኝ እቀይረው ነበር።»

«ደግሞ የኔታ ሊሰሙት ነው አልከኝ። ለአንተም ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለህ ነው የሰው መሳቂያ ያደረግኸኝ?»

«ወንድሜ፣ ግጥምህን ቤትህ ሄደህ ረጋ ብለህ አንብበው» አለኝ። ስድብ መሰለኝ። ደግ ለመምሰል ሰበብ የፈለገ መሰለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ዛሬም ግማሽ ልቤ እንደዚያ ነው የሚለው። ለአማቶቹ ሲል ሸጠኝ። ሰላም ሳልለው የኔታን ይዤ ወጣሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ጭር ብሏል። እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነው። ትንሽ እንደሄድን የኔታ «አዝነሃል» አሉ።

«አላዘንኩም።»

«ትከሻህ አዝኗል። በል፣ አሁን በለው። ዘፋኟ የለችም።»

ቆም ብዬ ልጀምር ስል «እየሄድን» አሉኝ። ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ ላይ ያየሁት አንገት ትዝ እያለኝ ድምፄ ተሰባበረ። ከዚያ የኔታ እንደማያዩኝ አሰብኩና ተቃናልኝ። ጫማዋን አልኩ፤ ሳቅ አሉ። ሸንኮራውን አልኩ፤ «ሌቦች» አሉ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በዚያ ደስታ ላይ ሆኜ ቀጣዩን ጀመርኩ፦

ፀሐይ ካረፈበት፣ «አረፍ ይበሉ» ስትል፣

የሁለተኛው ስንኝ ጫፍ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ጊዜ ብቻ፣ ግጥሙን ከጻፍኩ ከአምስት ወር በኋላ፣ እጃቸው ትከሻዬ ላይ እያለ፣ ምን እንደጻፍኩ ሰማሁት። ስጽፈው ያየሁት ጓደኛዬንና ራሴን ነበር። እሳቸው የስንኝ ቤት መምቻ ብቻ ነበሩ። ስንኙን ዘልዬ ወደሚቀጥለው ሄድኩ።

የኔታ ቆሙ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተማሪ ቅኔ ያረሙ ሰው ናቸው።

«ቤቱ አልመታም» አሉ። «ከ‹ስትል› በኋላ አንድ ስንኝ ጎድሏል።»

«ረሳሁት የኔታ።»

«ግጥሙ የራስህ አይደለም?»

«የራሴ ነው።»

«የራሱን ቤት የሚረሳ ሰው አላየሁም። በለው።»

ሌላ ስንኝ ለመፍጠር ሞከርኩ። ከእሳቸው ጆሮ የሚያመልጥ አልመጣልኝም። አልኩት፦

እሳቸው ለዕረፍት፣ አንተ ግን ለምስል።

 ከታች አህያ የሚነዳ ሰው አለፈ፤ ሰላምታ ሲሰጣቸው መለሱለት። ከዚያ፣ ለተማሪ በሚናገሩበት ድምፅ፣ «ቤቱ መትቷል» አሉ። ስንት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ናት።

«ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ነገር እሰማ ነበር» አሉ ቀጥለው። «ቤተ ክርስቲያኑን የሚያነሡ መስሎኝ ነበር። እንዳልጋርድባቸው ብዬ ወደ ጎን ፈቀቅ እል ነበር።»

ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አዎ የኔታ።»

«ከመቼ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የጠበቁት መልስ ይመስል። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ማፈር ብለው ጠየቁኝ። «ያን ጊዜ ምን ለብሼ ነበር?»

«ጋቢዎን።»

«የትኛውን?»

እናቴ ጫፉን በዱቄት ከረጢት የጣፈችውን ነበር። በከረጢቱ ላይ የተጻፈው የፈረንጅ ፊደል ከጀርባቸው ይነበብ ነበር። ይህንንም የሚያውቁ አይመስለኝም። «ነጩን» አልኩ።

ውሸትን ከእውነት በድምፅ የሚለዩ ሰው ናቸው። እጃቸውን ከትከሻዬ አነሡ። ዘንጋቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ጥምጥማቸውን በሁለት እጃቸው ዳበሱና አስተካከሉ፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ፈልገው በጣታቸው እየመረመሩ ሰበሰቡ። መንገዱ ላይ ከእኔ በቀር የሚያያቸው አልነበረም። ከዚያ በዘንጋቸው መሬቱን እየነኩ ብቻቸውን ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ፤ እኔ ትከሻዬን እንደሰጠሁ ቆሜ ቀረሁ።