ግርማ የሰደበው ምርኮኛ

ግርማ በወታደርነቱ ተማርኮ፣ በሱዳን በኩል ተሰዶ፣ ዛሬ በስደት አገራችን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሰው መኪና ፓርክ የሚያደርግ ጎረቤቴ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ደንበኛው «የጥንት ሮማ ነው» ብሎ የነሐስ ሳንቲም ለገና ሰጠው። በአንድ ፊቷ የሰው ራስ አለ። በሌላው ክንፍ ያለው ቆሟል፤ ከእግሩ ሥር ደግሞ አንድ ሰው ኩርምት ብሏል።

«ቅዱስ ሚካኤል ነው፤ የታችኛው ሰይጣን» አለን ግርማ።

ማን ይጠራጠራል? ወር በገባ በአሥራ ሁለት የሚካኤል ማኅበራችን ሲሰበሰብ ሳንቲሟ ከነጭ ጨርቅ ወጥታ ትዞራለች፤ በክንፉ በኩል እንስማታለን። እኔማ ጥርሴን ሲያመኝ ጉንጬ ላይ አሳድሬያታለሁ። ግርማ ግን ከመሳሙ በፊት የታችኛውን በጥፍሩ ይነካና «አንተ ርጉም! የት አባክ ልትገባ!» ይለዋል።

ዘንድሮ ሚስቱ ፋናዬ ስትታመም፣ ከዳነች ሳንቲሟን ለኅዳር ሚካኤል ለቤተ ክርስቲያን ሊያስገባ ተሳለ፤ ዳነች። በዋዜማው ማቀፊያ ሊያሠራላት ፓሳዴና ከተማ አንድ የጥንት ሳንቲም ሻጭ ዘንድ ወሰዳት። ሰውዬው በማጉያ መነጽር አያት።

«ይቺ ሴት ናት» አለው።

«ሴት?»

«ቪክቶሪያ። ሮማውያን የድል አምላክ የሚሏት።»

«ሰይጣኑስ?»

«ሰይጣን አይደለም። የጦር ምርኮኛ ነው።»

ግርማ የመኪናውን ሬዲዮ እንኳ ሳይከፍት ተመለሰ። ዝም ቢል ጣዖት ቤተ ክርስቲያን ሊያስገባ ነው፤ ቢናገር ሃያ ምእመን ጣዖት ማሳሙ ሊታወቅ ነው።

በማግስቱ ማኅበሩ ፊት ቆሞ ሻጩ ያለውን ተናገረ። አንዳንዱ ቀስ ብሎ ከንፈሩን በናፕኪን ጠረገ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ እትዬ ሸዋረጋ ሳንቲሟን ተቀብለው ገለበጧት።

«ይሄኛውስ ማነው?»

«ቆስጠንጢኖስ ነው አለኝ፣ እትዬ።»

«የንግሥት እሌኒ ልጅ? መስቀሉን ያስወጣችው?»

«አዎ።»

«አንተ! ሰባት ዓመት ንጉሡን ማጅራቱን አሳምከን በለኛ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ስለትህን ለቄሱ እንነግራቸዋለን፤ እሳቸው ያውቃሉ። ቁጭ በል» አሉት።

ግርማ አልተቀመጠም። ሳንቲሟን ከእጃቸው ወስዶ በምርኮኛው በኩል ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ወንድሜ፣ እኔ ራሴ ተማርኬ አውቅ የለ? ሰባት ዓመት ሰድቤሃለሁና ይቅር በለኝ።»

«እህስ፣ ምን አለህ?» አሉት እትዬ ሸዋረጋ።

«ምርኮኛ ምን ይላል፣ እትዬ? ዝም አለ።»

እትዬ ሸዋረጋ ዳቦውን ሲያድሉ አንድ ቁራሽ አስተርፈው ከሳንቲሟ አጠገብ አስቀመጡ። እስክንነሣ ድረስ ማንም አልነካውም፤ በኋላ ምርኮኛውን ወክሎ ግርማ በላለት።