ፋኖሷን ማን ያንሳት?

ሐሙስ፣ ዶሮ ሲጮህ

ጻፊ የልጅ ልጄ፤ እኔ ፊደል ስላልቆጠርኩ መንገዴን ቀን በቀን ልንገርሽ። ከላይ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ አጠገብ ካለው ቀዬያችን ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። የምሄደው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ፣ የመጨረሻ ልጄ ታከለ ዘንድ ነው። ኮሌጅ ሲጨርስ የጃንሆይ መንግሥት እዚያ አስተማሪ አድርጎ ሰደደው። "እናቴ፣ ጭንቅላቴ ዛገብኝ፤ ከሥራ ስወጣ ካርታ መጫወት ብቻ ሆነ" ይለኝ ነበር። ኋላ እንደሱው ኮሌጅ ከጨረሱ የእስቴና የስማዳ አስተማሪዎች ጋር ማኅበር ገባ። በየወሩ ተረኛው ይደግሳል፣ ያነበበውን ያስተምራል፣ ሌላው ይሞግተዋል።

ባለፈው ወር ግን ብዙው ቀረ። አሁን ተረኛው ታከለ ነው። "ይህም ከፈረሰ ሥራዬን ትቼ አዲስ አበባ እገባለሁ" ብሎ ላከብኝ። እንግዲህ ደግሼ ላስቀረው ነው። ጠላ ለመጥመቅ ጊዜ የለኝም፤ ድፍድፉን በቅል ሞልቼ በጨው ነጋዴው በሰይድ በቅሎ ጫንኩ።

አርብ፣ ቀትር

ቁልቁለት፣ ወንዝ፣ ዳገት፤ ማዶው ገና የታረሰ ቀይ ማሳ። ፀሐዩ ድፍድፉን አፈላውና የቅሉ ውታፍ ዷ! ብሎ ተፈናጠረ፤ ጨው ላይ ተንዶለዶለ።

"እማማ! ጨዌን አሰከሩብኝ!"

"ከላይ ከላይ ነው የነካው፣ አትጩህ።"

"እኔ እስላም ሆኜ ለማን ልሽጠው?"

"ለክርስቲያን ሽጥ፤ እየተሻማ ይገዛሃል!"

ሳቁ አላስኬድ ብሎት በቅሎውን ተደገፈ። የረጠበውን ዝቆ ለኔው ሰጠኝ፤ "ለወጥዎ" አለ።

ቅዳሜ፣ መካነ ኢየሱስ

ገበያው ሞቅ ብሏል። ዶሮ በሃምሳ ሳንቲም ገዝቼ ልጄ ቤት ገባሁ። ሳጥኑ በገመድ ታስሮ ቆሟል።

"ይህ ምንድነው?"

"ምናልባት ብዬ ነው፣ እናቴ።"

ሽንኩርቴን መላጥ ጀመርኩ።

እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

ዝናቡ ይወርዳል፤ ሰው የለም። ታከለ በር ላይ ይወጣል፣ ይገባል። ቆይቶ አንድ ሁለት እያሉ መጡ፤ ጫማቸውን በእጃቸው፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው። መጨረሻ ላይ የስማዳዋ አስተማሪ እማዋይሽ ገባች። ሴት እሷ ብቻ ናት።

ታከለ አፈር በጎርፍ እንዴት እንደሚሄድ አስተማረ።

"ያንተ መጽሐፍ እርፍ ጨብጦ ያውቃል?" አለው አንዱ።

"አንተስ ከቾክ በቀር ምን ጨበጥህ?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ጠላውም ወረደ።

እኛ ማኅበር ስንጠጣ የሚመጣው ወር ተረኛ ጽዋውን ይዞ ይሄዳል። እነሱ በጽዋው ፈንታ ፋኖስ ነው የሚያሳልፉት። የሚያነሳት ከጠፋ ማኅበሩ አበቃ። ታከለ ፋኖሷን መሀል አስቀመጣት። አንዱ ጣራ ያያል፣ አንዱ ጭቃውን ይፍቃል።

እማዋይሽ አነሳቻት።

"ስማዳ ድረስ?" አሏት።

"እኔስ ከየት መጣሁ?"

"እሱማ ይሁን። ብቻሽን የምትኖሪ ሴት ቤትሽ ወንድ ስትሰበስቢ አገሩ ምን ይላል?" አላት አንዱ።

ፊቷ ጠቆረ። ልትመልሳት እጇን ስትዘረጋ፣

"አታስቀምጫት! አብሬሽ እሄዳለሁ" አልኩ።

"እናቴ፣ ቤትሽ በዚያ አይደለም እኮ!" አለ ታከለ።

"በስማዳ ዞሬ በታች ጋይንት እገባለሁ። አገር ልይ!"

ሰኞ ማለዳ

ስንነሳ ሳጥኑ ተፈቷል፤ መጻሕፍቱ መደቡ ላይ ተደርድረዋል። ታከለ እስከ ወንዙ ሸኘን። "ለወሩ ስማዳ እንገናኛለን" አላት።

ማክሰኞ፣ ስማዳ

እግሬ ዛለ፤ የእማዋይሽ ቤት ግን ንጹሕ ነው። ጎረቤቷ ደጅ ላይ ጥጥ ትፈትላለች። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

"አስተማሪዋ፣ እኒህ ማናቸው?"

እማዋይሽ አፏን ሳትከፍት ቀደምኳት።

"እናቷ ነኝ። ለወሩ ማኅበርተኛ ይመጣብናል፤ እስቲ ትልቁን ጋንሽን አውሺን።"

ሴትዮዋ እንዝርቷን አስቀምጣ ጋኑን ልታወጣ ተነሳች።