ጨው የሌለው ሽሮ

በ1973 ዓ.ም. ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ገርጂ ድንጋይ እጠርብ ነበር። ያን ጊዜ ያስታወሰኝ ባለፈው እሁድ ሳሊተ ምሕረት የበላነው ሰርግ ነው። ሰው ዶሮ ወጡን ሲበላ፣ ጓደኛዬ ግርማ ከቤቱ በሳህን ያመጣውን ጨው የሌለው ሽሮ ከፈተ። አንድ ጎረምሳ፣ «አባባ፣ ጾም ላይ ነዎት እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

«ኩላሊቴ ነው የሚጾመው» አለው ግርማ።

ያኔ ገርጂ የጤፍ ማሳ ነበር። በበጋ፣ አጨዳው ካለቀ በኋላ፣ እሁድ እሁድ ገለባው ላይ የቀበሌ ኳስ እንጫወታለን። የአሰብ ሹፌሮች እንቅልፍ ለማባረር የሚውጧት ነጭ ኪኒን ነበረች። እኛ ለደስታ ብለን ጀመርናት። እኔ አንዴ ውጬ ልቤ ሲደልቅብኝ ተውኳት። ግርማ ግን ምክር አይሰማም።

አንድ የየካቲት እሁድ ጫት ቅሞ በላዩ ሦስት ኪኒን ደረበበት። በዚያ ፀሐይ ውሃ ሳይቀምስ እንደ ፈረስ ሲሮጥ ዋለ፤ ሁለት ጎል አገባ። በማግስቱ ጭኑ እንጨት ሆነ፤ ሽንቱም ጠላ መሰለ። የተረፉትን ኪኒኖች በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝና፣ «ለእማዬ ትንፍሽ ብትል ወንድሜ አይደለህም!» አለኝ።

«ብናገር እናቴ ትሙት» ብዬ ማልኩ።

እናቱ እትዬ አስካለ፣ «ፀሐይ ላይ ውሎ ምች መትቶት ነው» ብለው ዳማከሴ እየጨመቁ ሁለት ቀን አጠጡት። ዳማከሴ ለምች ደግ ቅጠል ነው፤ የግርማ በሽታ ግን ምች አልነበረም። እኔ አውቄ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ፊቱ አበጠ፣ ሽንቱም ቆመ። በቃሬዛ መገናኛ አድርሰን በታክሲ ሐኪም ቤት ወሰድነው።

ሐኪሙ፣ «ምን ወስዷል?» ሲል እትዬ አስካለ፣ «ከዳማከሴ በቀር ምንም ጌታዬ፤ ልጄ ሲጋራ እንኳ አያውቅም» አሉ። ግርማ ከአልጋው ላይ አፈጠጠብኝ። እናቴ በሕይወት ነበረች፤ መሐላው አስፈራኝ። ግን እሷን በእኔ አፍ የሚገድል አምላክ የለም አልኩና ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት።

«ይቺን ነው የዋጠው። ሦስት።»

ሐኪሙ ተቆጣ። «ጡንቻው ተጎድቶ ኩላሊቱን ደፍኖበታል! ሁለት ቀን ሙሉ ምን ትጠብቅ ነበር?» ወዲያው መርፌና ግሉኮስ አዘዘ፤ ጨው እንዳይቀምስም ከለከለ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቀሩ። ግርማ፣ «ከሃዲ!» አለኝና ፊቱን አዞረ።

ተረፈ፤ ኩላሊቱ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። የሁለቱ ቀን ዝምታ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም። መሐላዬን ማፍረሴ ግን ልክ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አፈርሰዋለሁ። ሰርግ ቤት ለዚያ ጎረምሳ ይህንኑ ነገርኩት፤ ሳቁን ተወ።

ያኔ፣ ግርማ ሐኪም ቤት በገባ ማግስት ጠዋት፣ እናቴን ጨው የሌለው ሽሮ ሥሪልኝ አልኳት።

«ለውሻ ነው?»

ሁሉንም ነገርኳት፤ በእሷ መማሌንም።

«ታዲያ ይኸው ቆሜያለሁ አይደል? ሳይቀዘቅዝ ውሰድለት» አለችኝ።

ሐኪም ቤት ስደርስ ግርማ ግድግዳውን እያየ ተኝቷል። አጠገቡ ተቀምጬ መጀመሪያ እኔ ጎረስኩ።

«ወይ ጉድ! ጭቃ ጭቃ ይላል» አልኩ።

ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ዞረ። ሁለተኛውን ጉርሻ ለእሱ ጠቀለልኩለት፤ አፉን ከፈተ።