ልጄን በጀርመን ብረት ለበስ ደንብ የዳርኩ ቀን

ላስ ቬጋስ ውስጥ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ብረት ለበስ ክፍለ ጦር ከኔ በላይ የሚያውቅ ሐበሻ ካለ ይምጣ፣ ምሳ እጋብዘዋለሁ። እስካሁን የመጣ የለም። ወታደር አልነበርኩም፤ ዩኒቨርሲቲም በበሩ ነው ያለፍኩት። የሊሞ፣ የዚያ ረጅም የኪራይ መኪና፣ ሹፌር ነኝ። የሊሞ ሥራ ግማሹ መጠበቅ ነው፤ ኤርፖርት ትጠብቃለህ፣ ሆቴል በር ላይ ትጠብቃለህ። ሌላው ሹፌር ስልኩን ሲነካካ እኔ ከጋራጅ ሴል፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን በሩ ላይ ከሚሸጥበት፣ የገዛሁትን ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍ ጀመርኩ። የታንኩ ፎቶ ስቦኝ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ዲክሽነሪ እያገላበጥኩ ጨረስኩት፣ ሌላ ገዛሁ፣ ሌላ ጨመርኩ። አሁን ጋራዤ ውስጥ መኪና አይገባም።

ታንከኛ ክፍለ ጦር ሲባል ታንክ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ታንኩ ከፊት የሚታየው ነው! ከኋላው በካሚዮን የሚሄድ እግረኛ አለ፣ መድፈኛ አለ፣ በሞተር ብስክሌት የሚቃኝ አለ፣ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ አለ፣ ነዳጅ አመላላሽ፣ ጠጋኝ፣ ዳቦ ጋጋሪ ሳይቀር አለ። መጀመሪያ ሲያቋቁሙት ታንኩ በዝቶ እግረኛው አንሶ ነበር፤ እየተዋጉ ሲማሩ ገለበጡት። ሩሲያ ሊገቡ ሲሉ ደግሞ መሪያቸው የክፍለ ጦሮቹን ቁጥር እጥፍ አደረገው። ያን ሁሉ ታንክ ከየት አመጣ? አላመጣም፤ ያለውን ለሁለት ከፈለው። እንግዳ ሲበዛበት ወጡ ላይ ውሃ የሚጨምር ሰው ታውቁ የለ? እሱ ነው።

የተሰለፉለት ነገር ክፉ ነበር፤ ስንቱን አገር አቃጥለዋል፣ እሱን አልክድም። እኔን የሚበላኝ ግን አሠራሩ ነው። ያን ሁሉ ዓይነት ሰው በአንድ መንገድ እንዴት ነዱት? ማን ከማን ይቀድማል? አንዱ ቢጠፋ ሌላው ምን ያደርጋል?

ይህን የምፈትንበት ቀን መጣ። የመጀመሪያ ልጄ ልታገባ ሆነ።

«አባዬ፣ ፕሊስ፣ ሰርጌ ላይ ታንክ የለም። ፕሮሚስ አድርግ» አለችኝ።

«ታንክ የለም። ክፍለ ጦር ብቻ።»

«አባዬ!»

ፓራዳይዝ የሚባለው ሰፈር ያለው አዳራሽ በቬጋስ ደንብ በሰዓት ነው የሚከራየው። ሥነ ሥርዓቱ ከሰዓት በኋላ በአራት ይጀመራል፣ በነሱ አራት ማለቴ ነው። ቀጥሎ ሌላ ሙሽራ ትገባለች። ሃያ ደቂቃ ካለፈን ቃል ኪዳኑ ይቀራል፣ የሚተርፈን ማዶ ክፍል ያለው እራት ብቻ ነው ብላ ማናጀሯ እየሳቀች ነግራናለች። ልጄ አልሳቀችም። ደግሞ አንድ ነገር ቆርጣለች፤ ለዚሁ ሰርግ ብላ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ሳትይዛት አትገባም።

እኔ ሐበሻን አውቃለሁ። አድራሻ ከሰጠኸው «እናንተ ሂዱ፣ ቀጥታ እመጣለሁ» ይልሃል፤ ከዚያ ሰርጉን በቪዲዮ ያየዋል። ስለዚህ አድራሻውን ደበቅኩ። የወንድ ወገን በራሱ ይምጣ፤ የኛ ወገን ግን ሰዘርን ሃይላንድስ ሰፈር እኔ ቤት ተሰብስቦ ይከተለኛል አልኩ። እውነቱን ለመናገር አስራ ሦስት መኪና ከኋላዬ ሲከተለኝ ማየትም አማረኝ።

ባለቤቴ ከሚዜዎቹ ጋር ቀድማ ሄደች። እኔ ሊሞውን ይዤ ከፊት፣ ልጄ ከኋላ ወንበር። ጋሼን አጠገቤ አስቀመጥኩ፤ የባለቤቴ አጎት ናቸው፣ አገር ቤት በጉብዝናቸው ታንክ ላይ ሬዲዮ ይዘው ነበር። ስንት ዓመት ስለ ጀርመን ስተነትንላቸው አንድ ቀን አስተያየት ሰጥተው አያውቁም። እናቴ ጉልበቷ ሊሞ አያስገባትም፣ ከፍ ባለ መኪና አራተኛ። ውሃውና ኬኩ መሀል። መኪና የሚጎትት ቶው ትራክ ያለው ጓደኛዬ መጨረሻ፣ ለብልሽት።

ሬዲዮውንም አልረሳሁም። የፈረንሳዮቹ ታንክ ብዙ ጊዜ ብረቱ ይወፍር ነበር፤ ጀርመኖቹ የበለጡት በየታንኩ ሬዲዮ ስለገጠሙ ነው ይላሉ። እኔም አስራ አራቱን መኪና በስልክ በአንድ ግሩፕ ኮል አገናኘሁ።

እስከ መሀል መንገድ እንደ ቅቤ ሄድን። ከዚያ ካዚኖዎቹ ጋ ስንደርስ መንገዱ ለሆነ ትልቅ ፕሮግራም ተዘግቷል። ስልኩን አነሳሁ።

«ሃሎ? ማነው?» የሚል ድምፅ ቀደመኝ።

«እኛ ነን፣ ስድስተኛዎቹ። እንኳን ደስ ያላችሁ!»

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን! ልጆቹስ ደህና ናቸው?»

«ይመስገነው። ኦፕሬሽን የነበረባት እህታችሁ ተሻላት?»

«ቀኝ!» አልኩ። «ወደ ቀኝ ታጠፉ! ተዘግቷል!»

«ማነው የሚጮኸው?»

«የሙሽራዋ አባት መሰለኝ።»

«ውይ! እንኳን ደስ ያለህ! እንዴት ዋልክ?»

እንግዲህ ሰላምታ ሳይመልሱ ማዘዝ ነውር ነው። መለስኩ። ለአስራ ሦስት መኪና አንድ በአንድ መለስኩ። ስጨርስ በመስታወት የምትታየኝ አንዲት መኪና ናት፤ እሷም ውስጥ ያለው የማላውቀው ፈረንጅ ነው።

ነዳጅ ማደያ ገብቼ ፓርክ አደረግኩ። ለአራት ሩብ ጉዳይ ነው።

«እማማ የት ናት?» አለች ልጄ።

ጠየቅን። የእናቴ ሹፌር «ሰው የሚሳፈርበት ትልቁ መሽከርከሪያ ይታየናል፣ እንጠብቃችሁ?» አለ። ሌላው ኤርፖርቱ ጋ ነው። አንደኛው ወደኔ ቤት እየተመለሰ ነው። ልጄ ቬሏን ጭኗ ላይ ጨምድዳ ይዛ ሰዓቱን ታያለች፤ እኔም እሷን እንዳላይ ሰዓቱን አያለሁ።

«የት እንደምንሄድ ያውቃሉ?» አሉ ጋሼ።

«ይከተሉኛል፣ ጋሼ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

ስልኬ ላይ ካርታውን ከፈትኩ።

«እኛ ሳንነሳ የመጨረሻዋን ኮረብታ ለሁላችንም ይነግሩን ነበር» አሉ፣ «የፊተኛው ቢቃጠል ሁለተኛው ቆሞ እንዳያለቅስ። ያንተ ጀርመኖች ይህን አያውቁም?»

ያውቃሉ! ለበታችህ ግቡን ንገረው፣ መንገዱን ለሱ ተውለት የሚል ነገር መጽሐፉ ላይ አለ። በቀይ አስምሬበታለሁ። አስምሬበት አልፌዋለሁ።

«አድራሻ ከሰጠኋቸው እኮ ያረፍዳሉ…»

«አባዬ፣ አሁንስ? አርፍደናል እኮ!» ልጄ ስልኬን ነጥቃኝ በዚያ ረጅም ጥፍሯ አድራሻውን ቴክስት አደረገችላቸው። ጋሼ ከሷ ተቀበሉና ወደ አፋቸው አስጠጉት።

«ሰላምታ ይቁም። አድራሻው ተልኳል። እያንዳንዳችሁ በምታውቁት መንገድ ኑ። ጨርሻለሁ።»

ጸጥ አለ። ሐበሻ በግሩፕ ኮል ላይ ጸጥ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ የሆነውን ገና ሳስበው ይገርመኛል። እነዚያ አስራ ሦስት ሹፌሮች እኮ ግማሾቹ በታክሲ፣ ግማሾቹ ሆቴል እቃ በማድረስ የኖሩ ናቸው። የየሆቴሉን የጀርባ በር፣ የየመንገዱን መብራት እንደ ሳሎናቸው ያውቁታል። እኔ እነሱን እንደ በግ ልነዳ! እነሱ በየጓሮው ሾልከው ሲያልፉ፣ የኔ ረጅም ሊሞ ጠባቡ ላይ አልታጠፍ ብሎ ዋናው መንገድ ላይ ተገትሮ ቀረ። ልጄ ደቂቃውን እየቆጠረች ትነግረኛለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አራት ከአስራ ሁለት ደረስን። አዳራሹ በር ላይ ወገን ሁሉ ግራና ቀኝ ተሰልፎ እልልታው ቀለጠ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ እያራገበች ከፊት ቆማለች።

«አንተ ልጅ፣ የት ጠፍተህ ነው? እኔ እኮ ከመጣሁ ቆየሁ!»

ልጄ ከሊሞው ወርዳ ሮጣ አቀፈቻት፣ ቬሉ መሬት እየጠረገ። ማናጀሯ ሰዓቷን አየች፣ እኛን አየች፣ በሩን ከፈተች።

የሙሽራው አባት ጨብጦኝ፣ «እንዴት ያለ ቅንጅት ነው! ወገን ሁሉ ቀድሞ ተሰልፎ፣ ሙሽራዋ መጨረሻ! የማን ሐሳብ ነው?» አለኝ።

ልጄ በአንድ እጇ እናቴን ይዛ በሌላው ክንዴን ያዘችኝ።

«የአባዬ ፕላን ነው» አለች።

ከመጀመሪያው ላብራራለት አፌን ስከፍት ጋሼ እግሬን ረገጡኝ፤ እናቴ፣ ልጄና እኔ ተያይዘን ገባን።