አሥራ ስምንት ዓመት ቁልፍ

ሰው ሁሉ ቁጡ ናት ይለኛል። አዎ፣ ቁጡ ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስተክል ኖሬ፣ አንድ ቀን ጠዋት «ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ወደየቤታችሁ» ስባል ልጨፍር ኖሯል?

ሰባት ወር ቤት ተቀመጥኩ። ከዚያ የሥራ ቢሮው ሥራ ላጡ ሰዎች ሥልጠና ይሰጣል ሲባል ልጄ ፎርሙን ሞላችልኝ። የልምድ መጻፊያዋ ሳጥን ጠባብ ሆነችባትና «ቁልፍ፣ 18 ዓመት» ብላ አሳጠረችው። እነሱም አንብበው የት ላኩኝ መሰላችሁ? ቁልፍ ቀራጭ ሱቅ። አንድ ቀን ሠርቼ፣ ባለሙያው ትችላለች ብሎ ከፈረመልኝ ሥልጠናው ውስጥ እገባለሁ፤ ካልሆነ ስሜ ይሰረዛል። ስህተት ነው ልል ቢሮ ብሄድ ጸሐፊዋ፣ የልጄ እኩያ ሆና አንቺ ነው የምትለኝ፣ ቀና እንኳን ሳትል አሁን ከተቀየረ ተራሽ ለሚቀጥለው ዓመት ነው አለችኝ። ቆሽቴ እያረረ የሚፈረምበትን ወረቀት ይዤ ወጣሁ።

ቁልፍ ቀራጩን ሰፈሩ ሁሉ «ማስተር» ነው የሚለው፤ የማይከፍተው በር የለም ይባላል። ስልሳ የተጠጋ፣ መነጽሩን በላስቲክ ያሰረ ሰው ነው። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ያልተቀረጸ ቁልፍ ተሰቅሎበታል፤ ከማሽኑ በላይ በቀይ ቀለም «ባለቤት ሳይፈቅድ በር አንከፍትም» ተብሎ ተጽፏል። የአሥራ ስምንት ዓመት ባለሙያ ትመጣለች ብለውት ወንበር ጠርጎ ነው የጠበቀኝ። እኔ የማውቀው የሸሚዝ ቁልፍ መሆኑን ስነግረው ሳቀ። ሳቀ ብል ያንስበታል፤ ጎረቤቱን ጫማ ሰፊ ጠርቶ ደገመለትና ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ተንከተከቱ። ባለአራት ቀዳዳውን በሩ ላይ ትተክይልናለሽ ይለኛል ደግሞ። እኔ አልሳቅኩም።

እስከ ምሳ ሰዓት አንድ ባልዲ አሮጌ ቁልፍ በየመልኩ አስለየኝ። ከዚያ አንድ ቁልፍ ቀርጾ ሰጠኝና ጥርሱን በሞረድ አስተካክዪ አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ዳበስኩት፤ ሦስተኛው ጥርስ ላይ ፀጉር የምታህል ትርፍ አለች። እሷን ሞርጄ ጓጉንቸር ውስጥ ሳስገባው ዞረ። ማስተር መነጽሩን አውልቆ አየኝ፤ እጅሽ አይከፋም፣ እስከ ማታ እንዲህ ከሆንሽ እፈርማለሁ አለ። ንዴቴ ትንሽ በረደ። ማታ ለልጄ ምን ብዬ እንደምነግራት ሁሉ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ከምሳ በኋላ አንድ ሰውዬ እየተቻኮለ መጣ። ቁልፌ ጠፋብኝ፣ ባለቤቴ ወጥታለች፣ ቤቴን ክፈቱልኝ አለ። መታወቂያውን አሳየ፤ ማስተርም በዓይን ያውቀዋል። ዕቃችንን ይዘን ተከተልነው። ሰላምተኛ ሰው ነው፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እጅ እየነሳ ነው የሚሄደው። የእኔ ዓይን ግን ሸሚዙ ላይ ቀረ። ምን ላድርግ፣ የለመደ ዓይን ነው። ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ሁለት ቁልፍ የለም። ቁልፍ ሲያረጅ ክሩ ላልቶ፣ ሁለት ቀን ተንጠልጥሎ ነው የሚወድቀው፤ ጨርቁ ደህና ይቀራል። የዚህ ሰውዬ ግን ጨርቁን ቦጭቆ ነው የወጣው። እንዲህ የሚሆነው አንድ ሰው ሌላውን ደረቱ ላይ ጨብጦ ሲታገል ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ወጣን። ማስተር ተንበርክኮ መክፈቻ ሽቦውን ወደ ቁልፉ ቀዳዳ ሲያስጠጋ፣ ደፉ ላይ አንድ ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ ወድቃ አየሁ፤ ብጫቂ ጨርቅ ይዛለች። ሰውዬው ማየቴን አየ፤ ፈገግታው ጠፋ። ማስተርን አልፌ በሩን አንኳኳሁ። ቤቶች፣ ሰው አለ? አልኩ።

ከዚያ ከታች፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ድምፅ መጣ።

«አትክፈቱለት። ወንድሜ እየመጣ ነው፤ እሱ እስኪደርስ አትክፈቱለት።»

ሰውዬው ስታኮርፍ እንዲህ ናት፣ የራሴ ቤት ነው አለ። ማስተር ወደ እኔ አላየም። በባልና ሚስት መሃል ምን አገባን፣ ዝም አይነቅዝም እያለ ሽቦውን ከተተው። ያኔ ደሜ ፈላ። ዝም አይነቅዝም የሚለው ምን ጊዜም ከበሩ ውጭ ያለው ሰው ነው። እጁን ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ግድግዳዎ ላይ የጻፉት ምንድን ነው? ባለቤት ሳይፈቅድ አይደል? ባለቤቱ ይቻትና ውስጥ ናት። አልፈቀደችም።»

ሽቦውን አወጣ። አፍሮ ይሁን ፈርቶ አላውቅም። ዕቃውን ሰበሰበና ነይ እንሂድ፣ እዚህ ከቀረሽ ፊርማ የለም አለኝ። ሰውዬው አጠገቤ ቆሞ የበሩን እጀታ ያያል። እኔ ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ጀርባዬን በሩ ላይ አስደገፍኩ። ማስተር ደረጃውን ሲወርድ ኮቴውን እየሰማሁ ልጄን አሰብኳት። ከዚያ ሰውዬው ላይ አፌን ከፈትኩ፤ ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ከፍቶ እስኪወጣ ድረስ ስድቤን አወረድኩት። ሰው ሲበዛበት ሰውዬው ወርዶ ሄደ።

ወንድሟ የደረሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። በሩን ራሷ ከውስጥ ከፈተችው። ፊቷን አልነግራችሁም። ቀኝ እጇን እንደጨበጠች ነበር፤ ወንድሟ ቀስ ብሎ ሲፈታላት ሁለተኛዋ ቁልፍ መዳፏ ላይ ነበረች።

ሱቅ ስደርስ ማስተር ወረቀቱን ሞልቶ ጨርሷል። ዓይኔን ሳያይ አቀበለኝ። «በር መክፈት አልቻለችም» ይላል፣ ፊርማና ማኅተም አለው። ያልኩትን እዚህ አልደግመውም፤ ጫማ ሰፊው ግን በዚያን ቀን ሁለተኛ አልሳቀም።

በማግስቱ ወረቀቱን ቢሮ ወሰድኩ። ጸሐፊዋ አንብባው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«አሥራ ስምንት ዓመት ቁልፍ ሠርተሽ አንድ በር መክፈት አቃተሽ?»

«አላቃተኝም። አልከፈትኩም።»

ፎርሙን ከፊት ከኋላ ገላለጠችው። እንደዚያ የሚል ቦታ የለውም አለችኝና ስሜን ሰረዘችው።