አባቴ ያጠቡት መድኃኒት

አባቴ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ አጠገብ ባለ ደብር መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ ያስተምራሉ። መንጋጋ ጥርሶቻቸው ካለቁ ቆይተዋል፤ እሱስ ግድ አልሰጣቸውም፤ ቆሎ ቢቀር ሽሮ አለ። የፊቶቹ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። አንዱ ቢወልቅ «ሰ» ፉጨት ልትሆን ነው፤ በማኅሌት መካከል ፉጨት ደግሞ አያምርም። ስለዚህ አንደኛው የፊት ጥርስ ሥሩ አካባቢ ነጣ ሲል ክው አሉ።

የጥርስ ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። አይታ «መበስበስ ጀምሯል፤ ግን ገና አልተቦረቦረም፣ ሊጠነክር ይችላል» አለች። ጣፋጭ በበላን ቁጥር አፍ ውስጥ ያሉት ተህዋስያን አሲድ ይሠራሉ፤ አሲዱ የጥርሱን ማዕድን ያሟሟል። የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ደግሞ ማዕድኑ እንዲመለስ ያግዛል። ሻይ በስኳር ሳይሆን ስኳር በሻይ የሚጠጡት አባቴ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

«እኔኮ ጧት ማታ እቦርሻለሁ» አሉ ቅር ብሏቸው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እጉመጠመጣለሁ። አንዱን በአብ፣ አንዱን በወልድ፣ አንዱን በመንፈስ ቅዱስ።»

ሐኪሟ ሳቋን ለመደበቅ ጭምብሏን ወደ ላይ ሳበች። «የኔታ፣ መድኃኒቱን እኮ አጥበው እየደፉት ነው! አረፋውን እንትፍ ይበሉ፣ ውሃ አያስከትሉበት።»

«ከስምጥ ሸለቆ የመጣ ተማሪ ነበረኝ፤ ጥርሱን ያጠቆረው ይኸው ፍሎራይድ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እሱ በልጅነቱ ከሚጠጣው ውሃ በዝቶበት ነው። ማርም ሲበዛ ያስመልሳል።»

ቤት ስንገባ ከቡርሹ ጋር ተኮራረፉ። ሳይጉመጠመጡ መተኛት ፊት ሳይታጠቡ ቤተ ክርስቲያን እንደ መሄድ ሆነባቸው። እኔም ጨቀጨቅኳቸው፤ ጭቅጭቅ ላይ ማንም አይችለኝም። በመጨረሻ መላውን ራሳቸው አገኙት፦ መጉመጥመጡን ከመቦረሹ በፊት አደረጉት።

«ድሮም ሥላሴን ባስቀድም ምን ነበረበት?» አሉኝ፣ ነገሩን እኔ ያበላሸሁት ይመስል። ስኳሩንም ቀነሱ፤ ሻይ ሲጠጡ ፊታቸው ኮሶ የቀመሰ ሰው ፊት ነበር።

ከወራት በኋላ ሐኪሟ ጥርሱን ድጋሚ አየችው። «ጠንክሯል፤ አይነቀልም» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ብለው ወጡ። ባጃጅ ውስጥ ገና ከመቀመጣቸው ዜማ ጀመሩ፤ መጀመሪያ በለሆሳስ፣ ቀጥሎ ጮክ ብለው። ሹፌሩ የከፈተውን ዘፈን ዘጋ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ያ ጥርስ ከታመመ ጀምሮ አባቴ ቤት ውስጥ አንድም ቀን አዚመው አያውቁም ነበር።