በዛወርቅ ያልጠየቀችው ትምህርት

በዛወርቅን ለዓመታት ሲከነክናት የኖረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከሁሉ አብልጦ የሚያጠና ተማሪ ለምን ይወድቃል?

ሰነፉ ቢወድቅ አይገርምም። ቦንጋ ውስጥ ባዮሎጂ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ልጆች ግን ሰነፎች አልነበሩም። አብዛኞቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ ክፍል ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ከየቤታቸው ተሸክመው የሚማሩ ናቸው። ጠዋት ጭጋጉ ሳይገለጥ በጫካው ዳር እየተመላለሱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ምዕራፍ ሙሉ በቃላቸው ሲያነበንቡ ትሰማቸዋለች። ፈተና ላይ ጥያቄው ትንሽ ዞር ብሎ ከመጣ ግን ያ ሁሉ ሽምደዳ ውሃ በላው።

አንድ ቀን ከሚያነበንቡት አንዱን አስቆመችውና፣ «እስቲ ደብተሩን ዝጋው። አሁን ያልከውን በቤትህ ቋንቋ በካፊኖኖ ንገረኝ፤ ለእናትህ እንደምትነግራት» አለችው።

ልጁ ደብተሩን ዘጋ። «ቲቸር፣ ይሄ በካፊኖኖ የለም» አላት።

ነገሩ የተገለጠላት ያኔ ነው። ትምህርቱ ከፕላዝማው ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ይፈስሳል። መብራት ካልጠፋ ዝናቡ የክፍሉን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። ልጁ የያዘው ድምፁን ነው፤ ፍሬው እዚያው ቀርቷል። ስለዚህ መድኃኒት ብላ ያሰበችውን አዘዘች። ማታ ደብተርህን ዝጋ፤ የዕለቱን ትምህርት ለማያውቅ ሰው፣ በቤትህ ቋንቋ አስረዳ፤ ምላስህ የተያዘበት ቦታ ያልገባህ ቦታ ነው፤ ተመልሰህ እሱን ብቻ አንብብ። ዘዴው እንዴት ያለ ዘዴ ነበር! በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ክፍሉ ተለወጠ።

ዘዴው ከሁሉ የሠመረላት ዮሀና ነበረች። ዮሀና የበዛወርቅ የታላቅ እህቷ ልጅ ናት። ከሺሺንዳ መጥታ እሷ ዘንድ ተቀምጣ ትማራለች። አባቷ አቶ ከፈለኝ ሺሺንዳ ላይ የእህልና የቡና ሱቅ አላቸው። ልጅቷን ሲያመጡ ነገሩን በአጭሩ ቆርጠዋል፦ «አሥረኛን ካለፈች ትማርልሽ። ካላለፈች ሱቁ ሰው ይፈልጋል። ይግባኝ የለም።»

ዮሀና ማታ ማታ አክስቷን ፊት ለፊት አስቀምጣ ታስረዳለች። ኦስሞሲስን ስታስረዳ፣ «እትዬ፣ ማር ለምን አይሻግትም?» ብላ ጀመረች። «ማር በጣም ስለሚወፍር፣ የምታበላሸው ረቂቅ ተሕዋስ ስትገባበት ውሃዋን ከውስጧ ይመጥጥባታል። ደርቃ ትሞታለች። ኦስሞሲስ ማለት ውሃ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ መሄዱ ነው።» በዛወርቅ ይህን ምሳሌ በመጽሐፍ አላገኘችውም። ከደስታዋ ብዛት በማግስቱ መምህራን ክፍል ገብታ ለሁሉም አወራችው።

ወሬው ለርእሰ መምህሩ ለአቶ ለገሰ ደረሰ። ዘመኑ የአንድ ለአምስት ነበር፤ ገበሬው፣ ቢሮው፣ ተማሪው ሁሉ በአምስት በአምስት ተደራጅቶ አንድ ጎበዝ ይመራዋል። አቶ ለገሰ የበዛወርቅን ዘዴ ሰሙና ገለበጡት።

«አስረጂው ጎበዟ ትሁን፤ የተቀሩት ያዳምጡ» አሉ።

«አቶ ለገሰ፣ የሚማረው የሚናገረው ነው። ደካማው ይናገር እንጂ!»

«ደካማው ምን አውቆ ይናገራል? እርስዎ ደግሞ! የበቃችውን አሰልፈን ቡድኑን እናብቃው። ሪፖርቱም በዚህ ነው የሚሄደው።»

በዛወርቅ ብዙ አልተከራከረችም። እውነቱን ለመናገር፣ ዮሀና የቡድኑ መሪ፣ «አንዷ» ተብላ ስትመረጥ ኩራቱ የእሷም ነበር።

ቡድኑ ከትምህርት መልስ በዛወርቅ ቤት ይሰበሰባል። ከአባላቱ ሁሉ ኋላ የቀረው የአንድ ነጋዴ ልጅ ከሚል ነው፤ ለቀልድ ግን የሚቀድመው የለም።

«ዮሂ፣ ልብ ደም የሚረጨው ለማን ለማን ነው?»

«ለአንጎልም ለሆድም። አንተ ጋ ግን ለሆድህ ብቻ ይመስለኛል።»

«ታዲያ ጎበዝ ልብ ነዋ! ሥራ የሚበዛበትን ያውቃል።»

ባዮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ሁሉም እንዲህ በሳቅ ያልፋል። ከሚል የሒሳብ መጽሐፉን ሲያወጣ ግን ዮሀና ትቸኩላለች። «እሱን ነገ» ትላለች። ነገም ሌላ ነገ ይወልዳል። በዛወርቅ ይህን አላየሁም ልትል አትችልም፤ አይታለች። ግን እሷም ከተማሪነቷ ጀምሮ ሒሳብ ሲነሳ የምትሸሽ ሰው ናት። ልጅቷ በማር ምሳሌ ስታስረዳት ቁጭ ብላ መስማት ይጣፍጣል፤ ስለ ሒሳብ ብትጠይቃት መልሱ ትክክል መሆኑን በምን ታውቃለች? ሳትጠይቃት ዓመቱ አለፈ።

በግንቦት ቡድኑ ሞዴል ተባለ። አቶ ለገሰ በሰልፍ ላይ ዮሀናን አቁመው አስጨበጨቡላት፤ እንግዶችም ከእሷ ጋር ፎቶ ተነሡ።

የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከሚል አለፈ። ዮሀና ወደቀች። በባዮሎጂ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ናት፤ ሒሳብ ግን ኤፍ ሆኖ አማካይ ነጥቧን ከማለፊያው በታች ጎትቶ ጣለው።

ከሚል ሊያመሰግን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «ቲቸር፣ እኔን ያሳለፈችኝ እሷ ናት፤ ወላሂ!»

«ሒሳቡንስ ማን አስጠናህ?»

«የሒሳቡ ቲቸር ግዛቸው ናቸው። በየቀኑ እየሄድኩ አደርቃቸው ነበር። አልገባኝም ስል ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። እኔማ አላውቅም ማለት መች አሳፍሮኝ ያውቃል?»

በዛወርቅ የጎደላትን ግማሽ እውቀት ከዚህ ሰነፍ ከተባለ ልጅ አፍ አገኘችው። ማስረዳት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሰው ምረጥ ካሉት ሁልጊዜ የሚያውቀውን ነው የሚያስረዳው። ያወቀውን መልሶ መላልሶ ይቀባዋል፤ ያላወቀው እንደ ዳዋ ከኋላው ያድጋል። «አንዷ» የተባለች ልጅ ደግሞ እጇን አንሥታ «አልገባኝም» ልትል አትችልም። ያ ስም አፏን ዘጋው።

አቶ ለገሰ ዘንድ ሄደች። «አንዷ ብትወድቅ ቡድኑ አድጓል፤ አማካዩን ይመልከቱ» አሏት። ይቅርታ ይጠይቁኛል ብላም አልነበረም የሄደችው፤ የሚወቀስ ሌላ ሰው ፈልጋ ነበር።

አቶ ከፈለኝ ልጃቸውን ሊወስዱ መጡ። «ሰው አሳልፎ ራሱ የሚወድቅ የት አገር ነው ያለው? ንገሪኝ እንጂ፣ አንቺ አይደለሽም አስተማሪዋ?»

«አጎደልኩ፣ ጋሼ። አንድ ዓመት ብቻ ይስጡኝ፤ በግል ትፈተን።»

«ይግባኝ የለም ብያለሁ።»

ዮሀና ሻንጣዋን እያሰረች ቀና ሳትል ተናገረች። «እትዬ፣ አንድ ቀን እንኳን ሒሳብ አስረጂኝ ብለሽኝ አታውቂም። ብትጠይቂኝ አለቅስ ነበር፤ ከዚያ ታውቂው ነበር። የምችለውን ሳወራ ፊትሽ ሲበራ እያየሁ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

በዛወርቅ ከመስከረም ጀምሮ ግዛቸው ዘንድ ሒሳብ ትማራለች። ባልደረቦቿ «በእርጅና ቁርባን» እያሉ ይስቁባታል። በየቅዳሜው አውቶቡስ ይዛ ሺሺንዳ ትሄዳለች። አሁን የቡና ወቅት ነው፤ ሱቁ ባልተፈለፈለ ቡና፣ በጀንፈል ጆንያ ተሞልቷል፤ ዮሀና ከሚዛኑ አጠገብ አትጠፋም።

«ዛሬም መጣሽ?» ይሏታል አቶ ከፈለኝ። አያባርሯትም፤ ወንበርም አይሰጧትም። ጆንያ ላይ ትቀመጣለች። ለግል ተፈታኞች ምዝገባው ሳይዘጋ ልጅቷንም አባቷንም ማሳመን አለባት። በንግግር እንደማይሆን ስላወቀች ያልገባትን ሒሳብ ጽፋ እያመጣች ዮሀናን ትጠይቃታለች። እስካሁን ያገኘችው መልስ «ደንበኛ አለ» የሚል ብቻ ነበር።

በዚህ ሳምንት ግን ዮሀና ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። ረዘም አድርጋ አየችውና «ይሄን እኔም አላውቀውም» አለች፤ ደረቅ አድርጋ።

«እኔም ከሦስተኛው መስመር በኋላ ጠፍቶኛል» አለች በዛወርቅ፣ ጆንያው ላይ ቦታ እየለቀቀችላት።

ውጭ አንድ ገበሬ ቡናውን ከአህያው አወረደ። ዮሀና ልትመዝን ወጣች። በዛወርቅ የለቀቀችውን ቦታ እንደተወችው፣ በእርሳሷ ከሦስተኛው መስመር እንደገና ጀመረች።